ከዙህር እስከ ዘጠኝ ሰዓት

«ትንሽ ይታገሡ አባባ፤ ማሽኑ እየፈለግዎት ነው» አለች ማሽኑ ላይ የምትጽፈው ፈይሩዝ በካርድ ክፍሉ መስኮት። ሽማግሌው ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና «የት ሄጄ ነው የሚፈልገኝ? እዚሁ ቆሜ የለ» አሏት። የተሰለፈው ሰው ሳቀ፤ ፈይሩዝም ሳቀች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ሰዓቴን እያየሁ ስለነበር አልሳቅኩም። ሽማግሌው በትክክል ለሁለት ደቂቃ ከዐሥራ አንድ ሰከንድ ተፈለጉ።

ማሽኑ የኔ ነው። የኔ ነው ስል ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ ማለቴ አይደለም፤ የጻፈው አዲስ አበባ የሚኖር፣ ስልኩን የማያነሳ ሰው ነው። እኔ ሮቤ ከተማ ውስጥ፣ በጎባ መንገድ ላይ ባለ ጤና ጣቢያ በኮምፒውተር ባለሙያነት የተቀጠርኩ ሳቢሪን ነኝ። ኮምፒውተር ሲታመም እጠራለሁ፤ ሲድን ማንም አያስታውሰኝም። በዚያ ዓመት፣ በ2003 ጥር ላይ የካርድ ፕሮግራሙ ሲመጣ ሁላችንም አጨብጭበን ነበር። ከጭብጨባው በኋላ ግን ሕግ መጣ። ማሽኑ የበሽተኛውን ስም ፈልጎ በትንሽ ወረቀት ላይ ቁጥሩን ካላተመ በቀር ከመደርደሪያ ካርድ አይወጣም ተባለ። ከጥር ወዲህ የመጡ በሽተኞችማ መደርደሪያው ላይ ጭራሽ ካርድ የላቸውም፤ ታሪካቸው ያለው ማሽኑ ውስጥ ብቻ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ሁለት ደቂቃም ቤቱ ለተቀመጠ ሰው ምንም አይደለም። ሰማንያ ሰው በተሰለፈበት ግን የመጨረሻዋ እናት ልጇን አዝላ ሦስት ሰዓት ያህል መቆም አለባት። ያን ቀን ደግሞ ሐሙስ ነው፤ ገበያ የወጣው ሁሉ እግረ መንገዱን ወደ እኛ ጎራ ይላል።

ጊዜው የቢፒአር ጊዜ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ስንት ሰው እንደሚተርፈው የሚያጠናበት። በጥናቱ መሠረት ከዞን የሚመጡ ሰዎች ያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሽኑን ሲሠራ ሊያዩት ነበር። ቀርፋፋ ከሆነ ነቅለው ይወስዱታል፤ መደርደሪያውም እንደ ድሮው ይቀጥላል። ከፈጠነ መደርደሪያው ይፈርሳል፣ ክፍሉ ለመድኃኒት መጋዘን ይሆናል፣ የካርድ አውጪ የሥራ መደብም ይታጠፋል። የሥራ መደብ ይታጠፋል ሲባል ወረቀት የሚታጠፍ ይመስላል። የሚታጠፉት ግን አዳዳ ሞሚና ነበሩ። በኦሮምኛ የአባት እህትን አዳዳ ነው የምንለው። አባቴ ሲሞት ወስደው ያሳደጉኝ፣ እስካሁንም በቤታቸው የምኖረው አክስቴ ናቸው፤ እዚያ ካርድ ክፍል ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። አምስተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆሙት፤ አዲሱ መዋቅር ደግሞ ዲፕሎማ ይጠይቃል። ወደ ጽዳት የሚያዛውራቸው ደብዳቤ ቀኑ ብቻ ባዶ ሆኖ በጤና ጣቢያው ኃላፊ በኢብሳ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ይህን የማውቀው ደብዳቤውን ያተምኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ጠዋት ቁርስ ላይ ሁለታችንም ስለ ስኳር ነበር የምናወራው። ቀበሌው ስኳር መቼ እንደሚያድል፣ ሱቅ ውስጥ ኪሎው ስንት እንደገባ፣ ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ለሚያውቀው ሰው ብቻ ከጓዳ እንደሚያወጣ። ስለ ስኳር ይህን ያህል የሚወራ ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር። ስለ ዘጠኝ ሰዓት አንዳችንም ቃል አልተነፈስንም። አዳዳ ሻያቸውን ያለ ስኳር ጠጥተው ሲጨርሱ ሽርጣቸውን አስተካክለው «እንሂድ፣ ሰው ቆሟል» አሉ። በየቀኑ የሚሉት ይህንኑ ነው። ባጃጁ ውስጥ ጉልበታችን እየተነካካ፣ እሳቸው በአንዱ ወገን እኔ በሌላው ወገን ውጭ ውጭውን እያየን ሄድን።

ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ኢብሳ ከቢሮው ብቅ ብሎ «እስኪመጣ ድረስ እንደ ድሮው ሥሩ» አለና ተመልሶ ገባ። አዳዳ ሞሚና ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መስኮቱ ላይ ቆሙ። አዲሶቹን በሽተኞች በጨዋ ደንብ ወደ ጎን አደረጓቸው፤ ለእነሱ የሚሰጡት ነገር አልነበራቸውም። ከነባሮቹ ስምና ቀበሌ የተጻፈበትን ቁራጭ እየተቀበሉ «አካም ቡልተን?» ይላሉ፤ እንዴት አደራችሁ። ስለ ገብሱ ይጠይቃሉ፤ ባለፈው ሳምንት ስለወለደችው ላም ይጠይቃሉ። ወደ መደርደሪያው ግን ንቅንቅ አላሉም። ቁራጮቹን በጣታቸው እያቀያየሩ ያወራሉ። አንድ ጎረምሳ ማጉረምረም ጀመረ። እኔም በሆዴ አጉረመረምኩ። ከዚያ በመደርደሪያዎቹ መካከል ገቡ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከጫፍ ጫፍ ሄደው ሃያ ያህል ካርድ በደረታቸው አቅፈው ተመለሱ። ስም እየጠሩ አደሉ። ሌላ ሃያ ተቀበሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የነባሮቹ ሰልፍ አለቀ።

ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያቸው ስኖር ይህን ሲያደርጉ ቆሜ አይቼ አላውቅም ነበር። «አዳዳ፣ ሰውየው እንደመጣ ወዲያው ለምን አያወጡለትም?» አልኳቸው።

«ጉልበቴስ? ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ካርድ ማውጣት ምን ድካም አለው? የሚያደክመው መሄድና መመለሱ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ከተመላለስኩ ሁሉም ይዘገያል። ሰብስቤ፣ በየቀበሌው ለይቼ፣ አንዴ እገባለሁ።»

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የማሽኑን በሽታ ስፈልግ ነበር። ገመድ ቀይሬያለሁ፣ ቫይረስ አጥፍቻለሁ፣ ሜሞሪ ጨምሬያለሁ፣ አዲስ ማሽን ይገዛልን ብዬ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ፕሮግራሙ የተጻፈው ጃቫ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። የሰዉ ስም ሁሉ የተከማቸበት ዳታቤዝ ደግሞ የሚገባው የራሱ ቋንቋ ስላለው፣ ለእሱ የሚቀርቡት ጥያቄዎች በጃቫው መካከል እዚህም እዚያም ተሰክተዋል። እነዚያን መስመሮች መቶ ጊዜ አንብቤያቸዋለሁ፤ አንድም ስሕተት የላቸውም። ስንት ጊዜ እንደሚመላለሱ ግን አንድም ቀን ቆጥሬ አላውቅም። መብራቱ ሲመጣ ቆጠርኩ። ፕሮግራሙ አንድ ሰው ለማግኘት በመጀመሪያ በቀበሌው ያሉትን አባወራዎች ዝርዝር ያመጣል። ከዚያ ለእያንዳንዱ አባወራ ለብቻው «የዚህ ሰው ቤተሰቦች እነማን ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ይዞ ይመለሳል፤ እንደገና ሄዶ የሚቀጥለውን ይጠይቃል። አንዱ ቀበሌያችን ብቻ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አባወራ አለው። ዳታቤዙ ያለው ኢብሳ ቢሮ ውስጥ ስለሆነ እያንዳንዱ ጥያቄ በኮሪደሩ ገመድ ሄዶ ይመጣል። በዚህ ላይ ስሙ ጥያቄው ውስጥ እየተጻፈ ስለሚላክ፣ ዳታቤዙ ያንኑ ጥያቄ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ጊዜ እንደ እንግዳ ይቀበለዋል፤ እንዴት እንደሚመልሰው እንደ አዲስ ያስባል። አዲስ አበባ ያለው ሰው በዐሥራ ሁለት ቤተሰብ ነበር የሞከረው። በዐሥራ ሁለት ቤተሰብ ማን ይደክማል?

ማድቤት ከሚያህለው ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ያን ሁሉ ምልልስ አውጥቼ በቦታው አንድ ጥያቄ ብቻ አስገባሁ፤ አባወራውንም ቤተሰቡንም በአንድ ጉዞ የሚያመጣ። የስሙንና የቀበሌውን ቦታ ባዶ ተውኩት። ዳታቤዙ ጥያቄውን አንዴ አስቦበት እንዲይዘው፣ ከዚያ በኋላ ባዶው ቦታ ብቻ እየተሞላ እንዲላክለት አደረግሁ። ሥራው ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ ግማሹ የራሴን ስሕተት ማረም ነበር። የዳታቤዙ ቅጂ እኔ ማሽን ላይ ስላለ እዚያው ሞከርኩት። መጀመሪያ የመጣልኝ የአዳዳ ስም ነበር። «ሞሚና አሊዪ» ብዬ ጽፌ ተጫንኩ። ጣቴን ሳላነሳ ወጣ። ሌላ ስም ሞከርኩ፤ ያም ወጣ። የዙህር አዛን፣ የቀትሩ የሶላት ጥሪ፣ የተሰማው ያን ጊዜ ነው። ደስ አለኝ፤ ብቻዬን ሳቅሁ። ስም የማላወጣለት ደስታ ነው፤ አንድ ነገር ለሳምንታት እምቢ ብሎኝ ኖሮ በድንገት እሺ ሲለኝ የሚሰማኝ።

ስማቸውን ደግሜ ስሞክር በሩ ተከፈተና አዳዳ ገቡ። ዳቦ በፌስታል ይዘውልኝ ነበር። ማሽኑን ለአፍታ አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «በልተሻል?» አሉኝ። አልበላሁም አልኩ። ዳቦውን አስቀምጠው ሊሰግዱ ሄዱ። እንግሊዝኛው ስለማይገባቸው ምንም እንዳልገባቸው ነበር የገመትኩት። ደስታዬ አብሯቸው ከክፍሉ ወጣ፤ መሳቢያ ውስጥ ያለው ደብዳቤ ትዝ አለኝ።

አዲሱን ፕሮግራም ፈይሩዝ ወደምትሠራበት ዋና ማሽን ማስገባት የዐሥር ደቂቃ ሥራ ነው። አላስገባሁም። ገና መፈተሽ አለበት አልኩ ለራሴ፤ ግን አምስት ጊዜ ፈትሼዋለሁ። እንግዶቹ አሮጌውን ያያሉ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ማሽኑን ጭነው ይሄዳሉ። አዳዳ መደርደሪያቸው ላይ ይቆያሉ። ሰዉም ቢሆን በእሳቸው እግር በፍጥነት ይስተናገዳል፤ ዛሬ በዓይኔ አይቻለሁ። ማን ይጎዳል? ይህን ጥያቄ ጠይቄ መልሱን ሳልጠብቅ አለፍኩ። ዳቦዬን ቆርሼ ሳልበላው አስቀመጥኩት። ምሳ ሰዓት ቢሆንም በገበያ ቀን መስኮቱ ስለማይዘጋ፣ የሰልፉ ድምፅ በበሩ ሥር ይገባል፤ የሕፃን ለቅሶ፣ ሳል፣ የፈይሩዝ «ትንሽ ይታገሡ»። ተነሥቼ በሩ ሥር የደብተር ሽፋን ወተፍኩበት። ከዚያ ቁጭ አልኩ። ያሳደገኝን እጅ ከሥራ የማስወጣ ሰው አልሆንም አልኩ፤ በዚህ ሐሳቤም ራሴን ጥሩ ልጅ አድርጌ አየሁት። አሁን ሳስበው የማፍረው በዚህ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል አዳዳ ሞሚና ሳያንኳኩ በሩን ገፍተው ገቡ። የደብተሩ ሽፋን ወለሉ ላይ ተንሸራተተ። ላብ ፊታቸው ላይ ነበር፤ ሮጠው የመጡ ይመስላሉ። «እንግዶቹ ደርሰዋል። አሁን አስገቢው» አሉኝ።

«ምኑን?» አልኩ።

በሩን ክፍት ትተውት ሄዱ። እሳቸው እየፈቀዱልኝ፣ እሳቸው ራሳቸው ተነሽ እያሉኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? ኢብሳ እንግዶቹን በለስላሳ ሲያስተናግድ እኔ ዋናው ማሽን ላይ ጨረስኩ።

ከዞን የመጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ። ትልቁ ባዳሳ የሚባሉ፣ ከሳ ያሉ፣ ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። «የፈለጋችሁትን ስም ንገሩን» አላቸው ኢብሳ፣ ማሽኑን በጎን በጎን እያየ። እስከ ጠዋት ድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅ እንደነበር ያውቃልና። ባዳሳ አንድ ስም ከሰልፉ ጠየቁ። ፈይሩዝ ጻፈች፤ ወረቀቱ ወዲያው ወጣ። «ተዘጋጅቶ የተቀመጠ እንዳይሆን» ብለው ራቅ ካለ ቀበሌ ሌላ ስም ጠሩ። ወጣ። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ኢብሳ ሳቅ እያለ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እሱ እንደዚያ አድርጎ አያውቅም። የቀረው ሰልፍ በሃያ ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ለገበያ ቀን ሰልፉ ያነሰ መሰለኝ፤ ይህንንም ለራሴ ጉብዝና ቆጠርኩት።

ዐሥር ሰዓት ላይ ኢብሳ በደብዳቤው ላይ ቀን ጻፈበትና አዳዳን ቢሮው አስጠራቸው። አቀርቅሮ ነበር የሰጣቸው፤ ክፉ ሰው አይደለም። እሳቸው ቆመው ቀስ ብለው አነበቡት፤ አራት ቦታ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ከሰኞ ጀምሮ ነው?» አሉ። «ከሰኞ ጀምሮ ነው እናቴ» አላቸው። «ኢንሻአላህ» አሉ፤ ወደ ካርድ ክፍል ተመልሰው ሲወጣ ሲገባ የተዘበራረቀውን መደርደሪያ ማስተካከል ጀመሩ፤ ሰኞ የሚፈርሰውን መደርደሪያ።

በእግር ነው የተመለስነው። ገበያው ተበትኖ ጋሪዎች ወደየመንደራቸው ይመለሳሉ፤ ከተራራው ብርድ ወርዷል። አዳዳ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ከፊቴ ከፊቴ ይሄዳሉ። ይቅርታ የምጠይቅበትን ቃል መንገዱን ሁሉ ስደረድር መጣሁ። ደብዳቤውን ያተምኩት እኔ ነኝ እላለሁ፤ ፕሮግራሙን የጨረስኩትም እኔ ነኝ፤ ያሳደጉኝ ለዚህ አልነበረም። ያለቅሳሉ፣ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ይቅር ይሉኛል። እንደዚህ ነበር ያሰብኩት። ቤት ገብተን ጫማቸውን አውልቀው አልጋቸው ጫፍ ላይ ሲቀመጡ የደረደርኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገርኩ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ካንቺ ሌላ ማን ሊያትመው ነው?»

«ላስገባው አልነበረም። ለእርስዎ ብዬ ልተወው ነበር።»

«እሱንም አውቃለሁ። ዳቦ ሳመጣልሽ ስሜ ብልጭ ብሎ ወጥቶ አየሁት። በልጅነትሽ የቤት ሥራ ስትጨርሺ የምትሆኚውን ሆነሽ ነበር፤ ፊትሽ በርቷል። ሰግጄ ስመለስ በፈይሩዝ መስኮት አገኝሻለሁ ብዬ አሰብኩ። አልነበርሽም። ትመጫለሽ ብዬ ጠበቅሁ።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ከዙህር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሦስት ሰው ከሰልፉ ወጥቶ ሄደ። ሁለቱ የዚሁ ከተማ ሰዎች ናቸው፤ ነገ ይመጣሉ። አንዷ የአጋርፋ ናት። የሺሃረግ ትባላለች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ስምንት ወሯ። ባለፈው የደም ግፊትሽ ከፍ ብሏልና ዛሬ ተመለሺ ተብላ ነበር። እግሯ አብጦ ጫማዋን በእጇ ይዛዋለች። አውቶቡሱ ጥሎኝ ሊሄድ ነው፣ ካርዴን ስጡኝ አለችኝ። ከጥር ወዲህ የመጣች ናት፤ ካርዷ ያንቺ ማሽን ውስጥ ነው። ምን ልስጣት? ቆዪ፣ አዋላጇን ልጥራልሽ ብዬ ሮጥኩ። ይዣት ስመለስ ሄዳለች።»

ስለ ሥራቸው የምለውን መንገዱን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ለዚህ ምንም አላዘጋጀሁም።

«ለኔ ብዬ አልሽ» አሉ አዳዳ። «እኔን ከመደርደሪያዬ ያነሣኝ ወረቀት ነው። እነሱን ከሰልፍ ያስወጣሻቸው አንቺ ነሽ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ የቆምኩት ሰው እንዳይቆም ነው። በኔ ስም ሰው ታቆሚያለሽ?»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔን አይደለም» አሉ።

ጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። ከቦርሳቸው ትንሽ ወረቀት አውጥተው በመካከላችን አልጋው ላይ አስቀመጡት፤ ፈይሩዝን ለምነው ያሳተሙት ነው። የሺሃረግ፣ የባሏ ስም ጫሊ፣ ቀበሌዋ፣ ጎጧ። ስልክ የለም። «ወዲያው ነው የወጣው» አሉ፤ ለማሾፍ ሳይሆን እንዲያው ለመናገር ያህል። አዋላጇ ነገውኑ ከመጣች እንደርስላታለን ብላለች። ወረቀቱን አንሥቼ ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁለት ሺህ ስምንት መቶ ቤት አንዱን አንድም ቀን አንኳኩቼ እንደማላውቅ የታወቀኝ ያን ጊዜ ነው።

«የአጋርፋው የመጀመሪያ አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አልኳቸው።

«ዐሥራ ሁለት ሰዓት» አሉ፤ ለምሽቱ የመግሪብ ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ እየተነሡ። «ሁለት ትኬት ቁረጪ። አንቺ ስሟን ነው የያዝሽው፤ ፊቷን የማውቀው እኔ ነኝ። እስከ ሰኞ ድረስም የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ።»